የበርሊን የምድር ውስጥ ዓለም

የበርሊን የምድር ውስጥ ዓለም በጀርመን ዋና ከተማ በበርሊን ሥር ለሚገኙ የተተዉ የባቡር ዋሻዎች፣ የጦርነት ዘመን የቦምብ መጠለያዎች (ባንከሮች)፣ የቢራ ፋብሪካ ምድር ቤቶች፣ የማምለጫ ዋሻዎችና ሌሎች የተደበቁ ግንባታዎች የሚሰጥ የወል ስም ነው። ከተማዋ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ለ40 ዓመታት ያህል በምሥራቅና በምዕራብ ተከፍላ ስለነበር፣ ከመሬት በላይ የጠፉ ብዙ የታሪክ ምልክቶች ከመሬት በታች ሳይነኩ ቀርተዋል። ከእነዚህ ቦታዎች አንዳንዶቹ በዛሬው ጊዜ በአስጎብኚ እየተመሩ ይጎበኛሉ። በዚህ መጣጥፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት፣ ዓ.ም. የሚል ካልተጨመረባቸው በስተቀር፣ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

የመሬቱ ጠባይ

በርሊን የተመሠረተችው በበረዶ ዘመን መጨረሻ ላይ የቀለጠ ውሃ በጠረበው ሰፊ ሸለቆ ውስጥ ነው። የመሃል ከተማው አፈር አሸዋማና ረግረጋማ ሲሆን፣ የከርሰ ምድር ውሃ በብዙ ቦታ ጥቂት ሜትር ብቻ እንደተቆፈረ ይገኛል። በዚህ ምክንያት እንደ ለንደን ወይም ፓሪስ በጥልቀት መቆፈር አስቸጋሪ ነበር። ብዙዎቹ የባቡር ዋሻዎች የተሠሩት ጎዳናውን ከላይ ከፍቶ፣ ውሃውን በፓምፕ እያወጡ ዋሻውን ገንብቶ መልሶ በመሸፈን ነው። የበርሊን የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያዎች ከጎዳናው ብዙም ሳይርቁ፣ ጥቂት ደረጃ ወርደው የሚገኙት ለዚህ ነው።

ከሸለቆው በስተሰሜንና በስተደቡብ ያለው መሬት ግን ከፍ ያለ ሲሆን፣ ውሃውም ጠለቅ ብሎ ይገኛል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የቢራ ጠማቂዎች ፕሬንትስላወር ቤርግና ክሮይትስቤርግ በሚባሉት ሰፈሮች ዳገት ላይ ጥልቅ የጡብ ምድር ቤቶችን የሠሩት በዚህ ምክንያት ነው። ለወራት በቅዝቃዜ መቀመጥ ያለበት የቢራ ዓይነት ማቀዝቀዣ ማሽን ከመፈልሰፉ በፊት በእነዚህ ምድር ቤቶች በበረዶ ተከቦ ይቀመጥ ነበር። ይኸው የመሬት ልዩነት ከብዙ ዓመታት በኋላ የማምለጫ ዋሻዎች የት ሊቆፈሩ እንደሚችሉም ወስኗል።

የአፈሩን ድካም በግልጽ የሚያሳይ አንድ ግንባታ ዛሬም በቴምፕልሆፍ አካባቢ ቆሞ ይታያል። የናዚ መንግሥት በርሊንን «ጌርማኒያ» በተባለ ግዙፍ ፕላን መልሶ ለመሥራት ባሰበ ጊዜ፣ መሬቱ የታቀደውን ትልቅ የድል በር መሸከም መቻሉን ለመፈተን በ1941 12,650 ቶን የሚመዝን የኮንክሪት ሲሊንደር አስቆመ። ሥራው ላይ ፈረንሳውያን የግዳጅ ሠራተኞች ተሰማርተው ነበር። ሲሊንደሩ በሁለት ዓመት ተኩል ጊዜ ውስጥ ወደ 19 ሴንቲሜትር ያህል ሰመጠ። የድል በሩ ሳይሠራ ቀርቷል፤ መፈተኛው ግን በአካባቢው ካሉት ቤቶች ቅርበት የተነሳ በፈንጂ ሊፈርስ ስላልቻለ እስከ ዛሬ አለ።

የምድር ውስጥ ባቡር አጀማመር

በጀርመን የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ የምድር ውስጥ ባቡር ዋሻ የተሠራው ከ1895 እስከ 1897 ባሉት ዓመታት ሲሆን፣ በቬዲንግ ሰፈር የሚገኙትን የአኤጌ (የጀርመን አጠቃላይ የኤሌክትሪክ ኩባንያ) ሁለት የፋብሪካ ግቢዎች ያገናኝ ነበር። ርዝመቱ 295 ሜትር ነው። ኩባንያው በአሸዋማው መሬት ውስጥ ባቡር ማስኬድ እንደሚቻል ለከተማዋ ባለሥልጣናት ለማሳየት ተጠቅሞበታል። በ1899 ደግሞ ከሽፕሬ ወንዝ ሥር ትሬፕቶውንና ሽትራላውን የሚያገናኝ 454 ሜትር ርዝመት ያለው የትራም ዋሻ ተከፈተ። ይህ ዋሻ በ1932 ተዘግቶ በጦርነቱ ጊዜ ለቦምብ መጠለያነት አገልግሏል። በኋላም ውሃ እንዲሞላበት ተደረገ።

ለሕዝብ አገልግሎት የሚውለው የምድር ውስጥ ባቡር (ኡ-ባን) ግን የተከፈተው በፌብሯሪ 1902 ሲሆን፣ የገነባውም የአኤጌ ተፎካካሪ የነበረው ሲመንስ ኡንት ሃልስከ ነው። የመጀመሪያዎቹ መስመሮች 2.30 ሜትር ስፋት ላላቸው ጠባብ ባቡሮች የተሠሩ ነበሩ። ከ1923 ጀምሮ የተከፈቱት ደግሞ 2.65 ሜትር ስፋት ላላቸው ባቡሮች የተዘጋጁ ናቸው። ሁለቱ ዓይነት መስመሮች እስከ ዛሬ ጎን ለጎን ይሠራሉ።

ሳይጠናቀቁ የቀሩ ዋሻዎች

በበርሊን ሥር ባቡር አልፎባቸው የማያውቁ በርካታ ዋሻዎችና ጣቢያዎች አሉ። ምክንያቶቹም የፕላን ለውጥ፣ የገንዘብ እጥረት፣ ጦርነትና የከተማዋ መከፈል ናቸው። ከሚታወቁት መካከል፦

• የኦራንየንፕላትስ ጣቢያ፦ ዛሬ ኡ8 የሚባለው መስመር መጀመሪያ በድሬስደነር ሽትራሰ ሥር እንዲያልፍ ታቅዶ የዋሻው አንድ ክፍል ተሠርቶ ነበር። በኋላ መስመሩ ወደ ሞሪትስፕላትስ ዞረ። የተተወው ዋሻ በጦርነቱ ጊዜ ለመጠለያነት ውሏል።

• ዋይዘን ዋሻ፦ ዛሬ ኡ5 እና ኡ8 የሚባሉትን መስመሮች በአሌክሳንደርፕላትስ አቅራቢያ የሚያገናኝና በሽፕሬ ወንዝ ሥር የሚያልፍ የአገልግሎት ዋሻ ነው። መንገደኛ አይጓጓዝበትም።

• የኡ10 መስመር፦ ምዕራብ በርሊን በ1950ዎቹ ባወጣችው ሰፊ ፕላን ውስጥ የነበረ መስመር ነው። ሌሎች መስመሮች ሲሠሩ ወደፊት ለእርሱ ማቋረጫ የሚሆኑ መድረኮች በቅድሚያ ተገንብተው ነበር። መስመሩ ግን ፈጽሞ አልተሠራም። ከሕዝቡ ዘንድ «የሙት መንፈስ መስመር» የሚል ስም ያገኘው ለዚህ ነው።

• የዩንግፈርንሃይደ ዋሻ፦ ለኡ5 ማራዘሚያ ተብሎ የተሠራ ሲሆን፣ የከተማዋ የእሳት አደጋ ሠራተኞች በዋሻ ውስጥ የሚነሳ እሳትን ለማጥፋት ይለማመዱበታል።

የሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጠለያዎች

የብሪታኒያ አየር ኃይል በርሊንን ለመጀመሪያ ጊዜ የደበደበው በኦገስት 1940 መጨረሻ ነው። በዚያው ዓመት በኦክቶበር ወር ሂትለር በከተሞች የቦምብ መጠለያዎች በአስቸኳይ እንዲገነቡ ትእዛዝ ሰጠ። በጊዜው የበርሊን ሕዝብ ከአራት ሚሊዮን በላይ ነበር። ሆኖም በእውነተኛ የአርማታ መጠለያ ውስጥ ቦታ ያገኘው ከሕዝቡ ጥቂቱ ክፍል ብቻ ነው። የቀረው ሕዝብ በየመኖሪያ ቤቱ ምድር ቤት ውስጥ ነበር የሚደበቀው። ከጎረቤት ምድር ቤት ጋር የሚያገናኙ ቀዳዳዎች በየግድግዳው ይበጁ የነበሩት፣ ቤቱ ቢደረመስ ወይም ቢቃጠል ሰው በጎረቤት በኩል እንዲወጣ ነው።

መጠለያዎቹን የሠሩት በአብዛኛው ከተያዙት አገሮች የመጡ የግዳጅ ሠራተኞችና የጦር ምርኮኞች ነበሩ። ነገር ግን የገነቡት መጠለያ ለእነርሱ አልተፈቀደም። አይሁዶችና ከፖላንድና ከሶቪየት ኅብረት የመጡ የግዳጅ ሠራተኞች ከሕዝብ መጠለያዎች ይከለከሉ ነበር፤ ብዙዎቹም ቦምብ ሲወርድ በየጉድጓዱና በየእንጨት ሰፈሩ ለመቆየት ተገደዋል። በቴምፕልሆፍ አውሮፕላን ማረፊያ ሥር በሚገኘው የባቡር ዋሻ ውስጥም የግዳጅ ሠራተኞች የጦር አውሮፕላኖችን ይገጣጥሙ ነበር።

የጌዙንትብሩነን መጠለያ

ይህ መጠለያ የሚገኘው በ1930 በተከፈተው የጌዙንትብሩነን የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ ውስጥ ነው። መንገደኛው በየቀኑ በሚያልፍበት መተላለፊያ ላይ አንድ ተራ የሚመስል አረንጓዴ በር አለ፤ ከበሩ ጀርባ በበርካታ ደረጃዎች የተዘረጉ ጠባብ ክፍሎች ይገኛሉ። በዛሬው ጊዜ ቦታው ሙዚየም ነው።

በአንዳንዶቹ ክፍሎች ግድግዳ ላይ የተቀባው ብርሃን አጠራቃሚ ቀለም ከሰባ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላም ይሠራል። ቀለሙ የተቀባው መብራት ሲጠፋ ሰዎች በጨለማ እንዳይረጋገጡ ነበር። መብራቱ ሲጠፋ ግድግዳው አረንጓዴ ብርሃን ይሰጣል፤ ከግድግዳው ፊት የቆመ ሰው ጥላም ሰውየው ከሄደ በኋላ ለጥቂት ጊዜ በግድግዳው ላይ ይቀራል።

በመጠለያዎች ውስጥ ትልቁ አደጋ የአየር እጥረት ነበር። ለተወሰነ ቁጥር ታስቦ በተሠራ ክፍል ውስጥ እጥፍና ከዚያ በላይ ሰው ይጨናነቃል። በመሆኑም ሻማዎች በተለያየ ከፍታ፣ ማለትም ከወለሉ አጠገብ፣ በመቀመጫ ልክና በትከሻ ልክ ይበሩ ነበር። የታችኛው ሻማ ሲጠፋ ልጆች ከወለል ይነሣሉ። የመቀመጫው ሻማ ሲጠፋ ሁሉም ይቆማል። የላይኛው ሲጠፋ ከውጭ ቦምብ እየወረደም ቢሆን መጠለያውን መልቀቅ ግድ ይሆናል።

የፀረ-አውሮፕላን ማማዎች

ከ1940 ጀምሮ በበርሊን ሦስት ግዙፍ የፀረ-አውሮፕላን ማማዎች ተሠርተዋል። እነርሱም የመካነ እንስሳቱ፣ የፍሪድሪሽስሃይንና የሁምቦልትሃይን ማማዎች ናቸው። በአናታቸው ላይ መድፎች ተተክለው ነበር፤ በውስጣቸው ደግሞ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሲቪሎች ይጠለሉ ነበር። የሙዚየም ቅርሶችም ተከማችተውባቸዋል።

በፍሪድሪሽስሃይን ማማ የነበሩት ቅርሶች ዕጣ አሳዛኝ ነው። ጦርነቱ ባበቃበት በሜይ 1945 በማማው ውስጥ በተነሳ እሳት ከ400 በላይ ሥዕሎች ወድመዋል። ከመካከላቸው የካራቫጆ «ቅዱስ ማቴዎስና መልአኩ» ይገኝበታል። እሳቱን ማን እንዳስነሳው በእርግጠኝነት አልታወቀም።

ከጦርነቱ በኋላ አሸናፊዎቹ መንግሥታት ማማዎቹን በፈንጂ ለማፍረስ ሞከሩ። ብሪታኒያውያን የመካነ እንስሳቱን ማማ ያፈረሱት ከተደጋጋሚ ሙከራ በኋላ በ1948 ነው። የፍሪድሪሽስሃይኑ ፈርሶ በጦርነቱ ፍርስራሽ ተቀበረ፤ ዛሬ ዛፍ የበቀለበት ኮረብታ ሆኗል። የሁምቦልትሃይንን ማማ ፈረንሳውያን በ1948 ሲያፈርሱ፣ ሰሜናዊው ክፍል በባቡር ሐዲዱ ላይ እንዳይወድቅ በመስጋት ትተውታል። የቀረው ክፍል ዛሬ ይጎበኛል። በክረምት ወራት ግን የሌሊት ወፎች ስለሚያርፉበት ውስጡ ለጎብኚ ይዘጋል።

የፊሽተ መጠለያ

በክሮይትስቤርግ ሰፈር የሚገኘው የፊሽተ መጠለያ መጀመሪያ በ1880ዎቹ የተሠራ የመንገድ መብራት ጋዝ ማጠራቀሚያ ነበር። ከ1940 እስከ 1942 ውስጡ በአርማታ ተሞልቶ 6,500 እናቶችና ሕፃናት የሚያድሩበት መጠለያ ሆነ። በጦርነቱ መጨረሻ ላይ ግን ወደ 30,000 የሚጠጋ ሰው እንደተጨናነቀበት ይነገራል። ከጦርነቱ በኋላ ስደተኞችና ቤት የለሾች ኖረውበታል። ቆይቶም የምዕራብ በርሊን አስተዳደር የምግብ ክምችት መጋዘን ሆነ። ክምችቱ ያስፈለገው በ1948 እና 1949 ሶቪየት ኅብረት በከተማዋ ላይ እንደጣለችው ያለ ከበባ ቢደገም ሕዝቡ እንዳይራብ ነበር።

የሂትለር መጠለያ

አዶልፍ ሂትለር ኤፕሪል 30 ቀን 1945 ራሱን ያጠፋበት መጠለያ በቪልሄልም ሽትራሰ አቅራቢያ ነበር። የሶቪየት ጦር በ1947 ሊያፈርሰው ሞክሮ በከፊል ብቻ ተሳካለት። የምሥራቅ ጀርመን መንግሥት በ1980ዎቹ መጨረሻ በአካባቢው መኖሪያ ቤቶችን ሲሠራ ጣሪያውን አፍርሶ ቀሪውን ደፈነው። ከላዩ ያለው መሬት ዛሬ የመኪና ማቆሚያ ነው። ቦታው የናዚ ደጋፊዎች መሳለሚያ እንዳይሆን በመስጋት ለብዙ ዓመታት ምንም ምልክት አልነበረውም። በጁን 2006፣ የዓለም ዋንጫ በጀርመን በተካሄደበት ወቅት፣ የታሪክ መግለጫ ሰሌዳ ቆሞበታል። ከመሬት በታች የሚጎበኝ ነገር ግን የለም።

በ1990 የፖትስዳመር ፕላትስ አካባቢ ለትልቅ የሙዚቃ ዝግጅት ሲጠረግም የኤስ ኤስ ሾፌሮች መጠለያ ተገኝቷል። በግድግዳው ላይ የኤስ ኤስ ወታደሮችን የሚያወድሱ ሥዕሎች ነበሩበት። ይህም መጠለያ ተመዝግቦ እንደገና ታሽጓል። እንዲህ ያሉ ቦታዎች ይከፈቱ ወይስ ይዘጉ የሚለው ክርክር በበርሊን ብዙ ጊዜ ተነሥቷል። ይከፈቱ የሚሉት ወገኖች ተዘግቶ የተሰወረ ቦታ ለተረት እንደሚመች ሲናገሩ፣ ተቃዋሚዎቻቸው ደግሞ ወንጀለኞቹ እንዳይወደሱ ይሰጋሉ።

የዋሻዎቹ መጥለቅለቅ

በጦርነቱ የመጨረሻ ቀናት የምድር ውስጥ ባቡሩ ሥራ አቁሞ ዋሻዎቹና ጣቢያዎቹ በሲቪሎች፣ በቁስለኞችና በወታደሮች ተሞልተው ነበር። በሜይ 1945 መጀመሪያ ላይ የሰሜን-ደቡብ ኤስ-ባን ዋሻ ከላንድቬር ቦይ ሥር በሚያልፍበት ቦታ ጣሪያው በፈንጂ ተመታ። የቦዩ ውሃ ወደ ዋሻው ገብቶ፣ በፍሪድሪሽሽትራሰ ጣቢያ ባለው መገናኛ በኩል ወደ ኡ-ባን ዋሻዎች ተሻገረ። በዚህ ዓይነት ወደ 25 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ የኡ-ባን ዋሻ ተጥለቀለቀ።

ፍንዳታውን ማን እንዳደረሰውና በትክክል በየትኛው ቀን እንደደረሰ እስከ ዛሬ አከራካሪ ነው። ከጦርነቱ በኋላ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሰምጠው ሞቱ የሚል ወሬ በሰፊው ተናፍሷል። ኋላ የተደረጉ ጥናቶች ግን የሟቾቹ ቁጥር ከዚያ በጣም ያነሰ እንደነበርና ከተገኙት አስከሬኖች ብዙዎቹ ውሃው ከመግባቱ በፊት በውጊያው የሞቱ ሰዎች እንደሆኑ ያመለክታሉ።

ይህ ዋሻ ሲሠራም ሕይወት አስከፍሏል። በኦገስት 1935 በብራንደንቡርግ በር አጠገብ ቁፋሮው ተደርምሶ 19 ሠራተኞች ሞተዋል።

የመናፍስት ጣቢያዎች

ኦገስት 13 ቀን 1961 (ነሐሴ 7 ቀን 1953 ዓ.ም.) የምሥራቅ ጀርመን መንግሥት የበርሊንን ግንብ መሥራት ሲጀምር ከመሬት በታች ያለውንም መንገድ ዘጋ። ዛሬ ኡ6 እና ኡ8 የሚባሉት የኡ-ባን መስመሮችና የሰሜን-ደቡብ ኤስ-ባን መስመር ከምዕራብ በርሊን ተነሥተው፣ በምሥራቅ በርሊን መሃል ሥር አልፈው፣ እንደገና ወደ ምዕራብ በርሊን የሚወጡ ነበሩ። ባቡሮቹ እንዲያልፉ ተፈቀደላቸው፤ መቆም ግን ተከለከሉ። ለዚህ መተላለፊያ ምዕራብ በርሊን ለምሥራቁ መንግሥት በየዓመቱ በምዕራብ ጀርመን ማርክ ትከፍል ነበር።

በዚህ ሁኔታ የተዘጉት የምድር ውስጥ ጣቢያዎች በዛሬ ስማቸው የሚከተሉት ናቸው፦

• በኡ6 መስመር፦ ሽቫርትስኮፕፍ ሽትራሰ፣ ናቱርኩንደሙዜዩም፣ ኦራንየንቡርገር ቶር፣ ፍራንትስዚሸ ሽትራሰ እና ሽታትሚተ

• በኡ8 መስመር፦ በርናወር ሽትራሰ፣ ሮዘንታለር ፕላትስ፣ ቫይንማይስተር ሽትራሰ፣ አሌክሳንደርፕላትስ (የኡ8 መድረክ)፣ ያኖቪትስብሩከ እና ሃይንሪሽ ሃይነ ሽትራሰ

• በኤስ-ባን፦ ኖርድባንሆፍ፣ ኦራንየንቡርገር ሽትራሰ፣ ብራንደንቡርገር ቶር (በወቅቱ ኡንተር ደን ሊንደን) እና ፖትስዳመር ፕላትስ

የምዕራብ በርሊን ሰዎች «የመናፍስት ጣቢያዎች» አሏቸው። ከድንበሩ በፊት ባለው ጣቢያ፣ ይህ በምዕራብ በርሊን የመጨረሻው ጣቢያ መሆኑን የሚገልጽ ማስታወቂያ ይሰማ ነበር። ከዚያ ባቡሩ ፍጥነቱን ቀንሶ፣ ደብዛዛ መብራት ያለበትን ባዶ መድረክ ያልፋል። በመድረኩ ላይ የታጠቁ የድንበር ጠባቂዎች ይቆማሉ፤ አንዳንዶቹም በጡብ በታጠረ ክፍል ውስጥ ሆነው በጠባብ ቀዳዳ ይመለከታሉ። ከ1961 በፊት የተለጠፉ የንግድ ማስታወቂያዎች በግድግዳዎቹ ላይ እንዳሉ ቀርተው ነበር።

በምሥራቁ በኩል የጣቢያዎቹ መግቢያ ተደፍኖ ምልክታቸው ተነሥቶ ነበር፤ በምሥራቅ በርሊን የባቡር ካርታም ላይ የምዕራቡ መስመሮች አይታዩም። የአካባቢው ነዋሪ ባቡሩ ከእግሩ ሥር ሲያልፍ ንዝረቱ ይሰማዋል፤ መሳፈር ግን አይችልም።

ከእነዚህ መስመሮች ባቡር በምሥራቅ የሚቆምበት ብቸኛው ጣቢያ ፍሪድሪሽሽትራሰ ነበር። በዚያ የምዕራብ መንገደኞች መስመር ይቀይሩ ወይም በድንበር ፍተሻ በኩል ይገቡ ነበር። ጣቢያው ግን በግድግዳ ተከፍሎ ስለነበር የሁለቱ ወገኖች መንገደኞች በአንድ ሕንፃ ውስጥ ሆነው አይተያዩም።

ዋሻዎቹን ለማምለጫ መጠቀም እጅግ አደገኛ ነበር። ሆኖም በ1980 አንድ የምሥራቅ በርሊን የምድር ውስጥ ባቡር ሠራተኛ ዘመዶቹን ይዞ በዋይዘን ዋሻ በኩል ወደ ኡ8 መስመር ገብቶ፣ በምዕራብ በርሊን ባቡር ተሳፍሮ ለማምለጥ ችሏል።

ግንቡ ኖቬምበር 9 ቀን 1989 (ጥቅምት 30 ቀን 1982 ዓ.ም.) ሲከፈት፣ ከሁለት ቀን በኋላ ያኖቪትስብሩከ ከመናፍስት ጣቢያዎች የመጀመሪያው ሆኖ ተከፈተ። የቀሩት የኡ-ባን ጣቢያዎች እስከ ጁላይ 1 ቀን 1990 ተከፍተው አለቁ። የፖትስዳመር ፕላትስ ኤስ-ባን ጣቢያ በ1992 ተከፈተ። በኖርድባንሆፍ ጣቢያ ስለዚህ ታሪክ የሚገልጽ ዐውደ ርእይ በነፃ ይታያል። ከእነዚህ ጣቢያዎች ፍራንትስዚሸ ሽትራሰ ዕጣው ልዩ ነው። በዲሴምበር 2020 በአቅራቢያው አዲስ ጣቢያ ሲከፈት ለሁለተኛ ጊዜ ተዘግቷል፤ ባቡሮችም እንደ ድሮው ሳይቆሙ ያልፉታል።

የማምለጫ ዋሻዎች

ግንቡ ከተሠራ በኋላ ከ70 በላይ የማምለጫ ዋሻዎችን ለመቆፈር ሙከራ ተደርጓል። የተሳኩት 19 ያህል ሲሆኑ ወደ 300 የሚጠጉ ሰዎች አምልጠውባቸዋል። ብዙዎቹ የተቆፈሩት በበርናወር ሽትራሰ አካባቢ ነው። ምክንያቱም በዚያ የከርሰ ምድር ውሃው ጠለቅ ያለ፣ አፈሩም ሸክላማና ሳይደረመስ የሚቆም ስለሆነ ነው። ቆፋሪዎቹ በአብዛኛው በምዕራብ በርሊን የሚኖሩ ተማሪዎች ነበሩ፤ ብዙዎቹ በምሥራቅ የቀሩ ዘመድና ወዳጅ ነበሯቸው።

በሴፕቴምበር 1962 በተከፈተው «ዋሻ 29» 29 ሰዎች አምልጠዋል። አንድ የአሜሪካ የቴሌቪዥን ድርጅት ለቁፋሮው ገንዘብ ከፍሎ ሥራውን በፊልም ቀርጾታል። በኦክቶበር 1964 ደግሞ 145 ሜትር ርዝመትና 12 ሜትር ያህል ጥልቀት በነበረው «ዋሻ 57» በሁለት ሌሊት 57 ሰዎች አለፉ። ከረዳቶቹ አንዱ ራይንሃርት ፉረር ሲሆን፣ በ1985 በአሜሪካ መንኮራኩር ወደ ጠፈር ተጉዟል።

የዋሻ 57 ታሪክ በሞት ነው የተጠናቀቀው። በሁለተኛው ሌሊት ዋሻው ተደርሶበት በተነሳ ተኩስ ኤጎን ሹልትስ የተባለ የ21 ዓመት የድንበር ወታደር ሞተ። የምሥራቅ ጀርመን መንግሥት ገዳዮቹ የማምለጫው ረዳቶች ናቸው ብሎ ለ25 ዓመታት አወጀ፤ ትምህርት ቤቶችና ጎዳናዎችም በወታደሩ ስም ተሰየሙ። ከውህደቱ በኋላ በተከፈቱት የደኅንነት መሥሪያ ቤት (ሽታዚ) ሰነዶች ግን፣ ለሞት ያበቃችው ጥይት የተተኮሰችው ከራሱ ጓድ መሣሪያ እንደነበረና መንግሥትም ይህን ከመጀመሪያው ያውቅ እንደነበር ተረጋገጠ።

ሽታዚ ብዙ ዋሻዎችን በጠቋሚዎች አማካይነት አስቀድሞ ይደርስባቸው ነበር። የተያዙትም ለዓመታት ታስረዋል። በመሬት ውስጥ የሚሰማን የቁፋሮ ድምፅ ለመለየት የማዳመጫ መሣሪያዎች ተተክለው ነበር።

የስለላ ዋሻ

ከመሬት በታች የተቆፈረው ለማምለጥ ብቻ አይደለም። የአሜሪካና የብሪታኒያ የስለላ ድርጅቶች በ1954 እና 1955 ከምዕራብ በርሊን ሩዶው ወደ ምሥራቅ በርሊን አልትግሊኒከ 450 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ዋሻ ቆፍረው የሶቪየት ጦር የስልክ ገመዶችን ጠልፈዋል። ጠለፋው አንድ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ሠርቷል። ይሁንና ጆርጅ ብሌክ የተባለ፣ ለሶቪየቶች የሚሠራ የብሪታኒያ ሰላይ ምስጢሩን ቁፋሮው ሳይጀመር ነበር የነገራቸው። ሶቪየቶች ሰላያቸው እንዳይጋለጥ ብለው ዝም ካሉ በኋላ፣ በኤፕሪል 1956 ዋሻውን በአጋጣሚ እንዳገኙ አስመስለው ለዓለም ጋዜጠኞች አሳዩት። የዋሻው አንድ ክፍል በበርሊን የአጋር ኃይሎች ሙዚየም ይታያል።

የኒውክሊየር ዘመን መጠለያዎች

በቀዝቃዛው ጦርነት ወቅት ምዕራብ በርሊን አንዳንድ የድሮ መጠለያዎችን አድሳ፣ በአዳዲስ ግንባታዎች ውስጥም መጠለያ አካታለች። በ1977 የተከፈተው የፓንክ ሽትራሰ የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ ከባድ በሮቹ ሲዘጉ 3,339 ሰዎችን ለሁለት ሳምንት ያህል እንዲይዝ ታስቦ የተሠራ ነው። በ1980 የተከፈተው የዚመንስዳም ጣቢያም ተመሳሳይ ነው። የአየር ማጣሪያ፣ የውሃ ጉድጓድ፣ የኤሌክትሪክ ማመንጫ፣ ተደራራቢ አልጋዎችና ወጥ ቤት ተዘጋጅቶላቸው ነበር።

ሆኖም በምዕራብ በርሊን የነበሩት መጠለያዎች ሁሉ ተደምረው ሊይዙ የሚችሉት ከሕዝቡ አንድ በመቶ ያህሉን ብቻ ነበር። ቅድሚያ የሚሰጠው ሰው የተመረጠ አልነበረም፤ ቀድሞ የደረሰ ይገባል፣ ቁጥሩ ሲሞላ በሩ ይዘጋል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሰዎቹ ወደ ምን ዓይነት ከተማ እንደሚወጡ የሚመልስ እቅድ አልነበረም።

ከውህደት በኋላ

ከ1990 በኋላ ከምድር ውስጥ ግንባታዎቹ አንዳንዶቹ አዲስ አገልግሎት አግኝተዋል። ቴክኖ የተባለው የሙዚቃ ዓይነት በከተማዋ የተስፋፋው በተተዉ ምድር ቤቶችና መጠለያዎች ውስጥ ነው። «ትሬዞር» የተባለው የዳንስ ቤት በ1991 የተከፈተው በአንድ የፈረሰ የቬርትሃይም የንግድ መደብር የገንዘብ ካዝና ክፍል ውስጥ ነበር። በፍሪድሪሽሽትራሰ አቅራቢያ ያለው ከመሬት በላይ የቆመ የባቡር መንገደኞች መጠለያ ደግሞ በተራው የሶቪየት እስር ቤት፣ የምሥራቅ ጀርመን የፍራፍሬ መጋዘንና የዳንስ ቤት ሆኖ አልፏል፤ ከ2008 ጀምሮ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ስብስብ ማሳያ ነው።

በሌላ በኩል ብዙ መጠለያዎች ለአዳዲስ ሕንፃዎች ሲባል ፈርሰዋል። በየግንባታ ቦታው ያልፈነዱ የጦርነት ዘመን ቦምቦች ዛሬም ስለሚገኙ፣ ነዋሪዎች ለሰዓታት ቤታቸውን እንዲለቁ የሚደረግበት ጊዜ አለ።

ጉብኝት

የምድር ውስጥ ቦታዎቹን በማጥናት፣ በመጠገንና በማስጎብኘት በይበልጥ የሚታወቀው በ1997 የተመሠረተው «በርሊነር ኡንተርቬልተን» የተባለ ማኅበር ነው። ማኅበሩ ለትርፍ የማይሠራ ሲሆን፣ አባላቱ መጠለያዎቹን ከቆሻሻና ከፍርስራሽ አጽድተው ለጎብኚ አዘጋጅተዋል። ከጉብኝት የሚገኘው ገቢ ለምርምርና ለጥገና ይውላል። ጉብኝቶቹ በጀርመንኛ፣ በእንግሊዝኛና በሌሎች ቋንቋዎች ይካሄዳሉ። አብዛኞቹ የሚጀምሩት በጌዙንትብሩነን ጣቢያ አካባቢ ነው።

ከሚጎበኙት መካከል የጌዙንትብሩነን መጠለያ፣ የሁምቦልትሃይን ማማ፣ የቀዝቃዛው ጦርነት መጠለያዎች፣ የፊሽተ መጠለያና የአኤጌ ዋሻ ይገኛሉ። በሙዚየሙ ውስጥ በ1876 ለሕዝብ አገልግሎት የተከፈተውና ቆይቶ ወደ 400 ኪሎ ሜትር የተዘረጋው፣ ደብዳቤን በአየር ግፊት በቱቦ ውስጥ የሚልከው የፖስታ ሥርዓትም ይታያል። በ2019 ደግሞ በብሩነን ሽትራሰ ከሚገኝ የድሮ የቢራ ፋብሪካ ምድር ቤት ተነሥቶ ወደ አንድ እውነተኛ የማምለጫ ዋሻ የሚያደርስ 30 ሜትር ርዝመት ያለው የጎብኚዎች ዋሻ ተከፍቷል። ጎብኚው ከ1970 እስከ 1971 የተቆፈረውንና ከመጠናቀቁ በፊት የተደረሰበትን ዋሻ በቅርብ ማየት ይችላል።

ከመሬት በታች ያለው ሙቀት በበጋም ቢሆን ዝቅተኛ ስለሆነ ጎብኚዎች ሙቀት የሚሰጥ ልብስና የተሸፈነ ጠንካራ ጫማ እንዲያደርጉ ይጠየቃል። በአብዛኞቹ ጉብኝቶች ፎቶ ማንሳት አይፈቀድም። ብዙ ደረጃዎችና ጠባብ መተላለፊያዎች ስላሉ፣ ለመራመድ ለሚቸገሩና በጠባብ ቦታ ለሚጨነቁ ሰዎች አይመከርም። ያለ ፈቃድ ወደ ዋሻዎች መግባት በሕግ የተከለከለ ነው። በሥራ ላይ ባሉት የኡ-ባን ዋሻዎች ሐዲድ አጠገብ ያለው የኤሌክትሪክ ሐዲድ 750 ቮልት ያህል ስለሚይዝ መንካቱ ይገድላል።